የጢስ ሒሳብ፦ ትምባሆ በላስታ ደጋ የሚያስከፍለው ገንዘብና ኑሮ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባዔ ላይ የቀረበ ንግግር)




ስለ ትምባሆ ጎጂነት የሚሰጥ ትምህርት ብዙውን ጊዜ ከሳንባ ይጀምርና በመቃብር ያበቃል። አጫሹ ይህን ትምህርት አልሰማም ማለት አይቻልም፤ ሰምቶታል፤ ሰምቶም ሲጋራውን ይለኩሳል። ይህም የሚሆነው በሽታው ሩቅ፣ ሲጋራው ግን ቅርብ ስለሆነ ነው። ሃያ ዓመት ቆይቶ ይመጣል የተባለ መከራ፣ ዛሬ ከቡና በኋላ ከሚገኝ እፎይታ ጋር ሲመዘን ቀልሎ ይታያል። መሐንዲስ ግን አንድን ሥራ ሲመረምር አስቀድሞ የሚያነሣቸው ሌሎች ጥያቄዎች አሉት፤ እነርሱም «ዋጋው ስንት ነው? ከፋዩ ማን ነው? በዚያው ገንዘብ ሌላ ምን ሊሠራ ይችል ነበር?» የሚሉት ናቸው። እነዚህ ጥያቄዎች ዛሬውኑ መልስ የሚገኝላቸው በመሆኑ፣ ይህ ንግግር በእነርሱ ላይ ተመሥርቶ ጉዳዩን በላስታ ደጋ አብነትነት ለመመርመር ይሞክራል።

ላስታ ለዚህ ምርመራ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። አገሩ ደጋ፣ መሬቱ ጠባብና ተዳፋት፣ ሕዝቡም በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ወሎን የመታውን ረኃብ በትዝታ የያዘ ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ እያንዳንዱ ብር የሚጠብቀው ሥራ አለው፤ ዘር መግዣ፣ የልጅ ደብተር፣ የእድር መዋጮ፣ የቤት ቆርቆሮ። ሁለተኛው ምክንያት የላሊበላ ከተማ ኑሮ ነው። ከአለት የተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡ ወዲህ፣ አስጎብኚው፣ ሾፌሩ፣ የሆቴል ሠራተኛውና በቅሎ አከራዩ ሁሉ እንጀራውን ከእንግዳ ጋር አቆራኝቷል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ፣ ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ከተማይቱ ድረስ የዘለቀው ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በክልሉ የተነሣው ግጭት ያን እንጀራ ደጋግመው አስተጓጉለውታል። ገቢ ሲቋረጥ ወጪ መመርመር ግድ ይሆናል።

ትምባሆና ላስታ ድሮም አልተስማሙም። ትምባሆ ከአርዮስ ሆድ የበቀለ ርኩስ ቅጠል ነው የሚለው ትውፊት በክርስቲያኑ ደጋ ሲነገር የኖረ ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛም በዘመነ መንግሥታቸው (ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም.) ማጨስን መከልከላቸውን፣ ክልከላውም ብርቱ ቅጣት እንደነበረው በዘመኑ የነበሩ ተጓዦች ጽፈዋል። እርግጥ ነው፣ የዕፀዋት ታሪክ እንደሚያስረዳው ትምባሆ የአሜሪካ ምድር ተክል ሲሆን፣ ወደ ቀረው ዓለም የተዛመተውም እ.ኤ.አ. ከ1492 በኋላ ነው። የሆነ ሆኖ ትውፊቱ ለሕዝቡ የሠራው ሥራ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በመላ ኢትዮጵያ በተደረገው ጥናት ትምባሆ ተጠቃሚ ሆኖ የተገኘው ከአዋቂው ሕዝብ 5 በመቶው ብቻ ነው። ይህ ከብዙ አገሮች ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ቁጥር ነው።

ይሁን እንጂ ነውሩ ያስከተለው ሌላ ነገርም አለ። ማጨስ በሚያሳፍርበት አገር አጫሹ ይደበቃል፤ አጫሹ ሲደበቅ ወጪውም አብሮ ይደበቃል። ጠላና ቡና በቤተሰብ ፊት የሚጠጡ ናቸውና ዋጋቸው በባልና በሚስት መካከል ይነገራል። ሲጋራ ግን ከግድግዳ ጀርባ፣ ከመኪና ጋቢና፣ ከሥራ ቦታ ጥግ የሚጨስ ስለሆነ በቤቱ የወጪ ዝርዝር ውስጥ ስሙ አይገኝም። ወይዘሮዋ የደመወዙ ቀዳዳ የት እንደሆነ ሳታውቅ ዘይቱንና በርበሬውን ትቆጥባለች። እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ ይህን የተደበቀ ወጪ ወደ ብርሃን ማውጣት ነው።

ወጪው የሚደበቅበት ሁለተኛው መንገድ የአገዛዙ ሁኔታ ነው። በአገራችን አጫሹ ብዙውን ጊዜ ፓኬት አይገዛም፤ ከሱቅ ወይም ከሱቅ በደረቴ አንድ ፍሬ፣ ሁለት ፍሬ እያለ ይገዛል። አንድ ፍሬ የሚከፈልበት ገንዘብ ከኪስ ዝርዝር አያልፍም፤ የኪስ ዝርዝር ደግሞ ማንም አይቆጥረውም። ነገር ግን ቤተ ጊዮርጊስም የተፈለፈለው በአንድ ምት አይደለም። መሮ በቀን በቀን ጥቂት ጥቂት ፍርፋሪ እያነሣ አንድ ሙሉ ሕንፃ ከአለት ውስጥ አውጥቷል። በቀን የሚነሣ ጥቂት ብርም እንደዚሁ በዓመታት ውስጥ አንድ ሙሉ ቤት ያነሣል፤ ልዩነቱ በመጨረሻው የሚታይ ሕንፃ አለመኖሩ ነው።

ሒሳቡ ይህን ይመስላል። የሲጋራ ዋጋ ከቦታ ቦታና ከወር ወር ስለሚለዋወጥ፣ ለስሌት እንዲመች ብቻ አንድ ፍሬ 5 ብር ነው ይባል፤ አንባቢ በሰፈሩ ያለውን ዋጋ ሊተካበት ይችላል። በቀን 10 ፍሬ የሚያጨስ ሰው በቀን 50 ብር፣ በሳምንት 350 ብር፣ በ30 ቀን 1,500 ብር፣ በዓመት 18,250 ብር ያወጣል ማለት ነው። ዋጋው ሳይጨምር እንኳ በ10 ዓመት 182,500 ብር ይሆናል። ይኸው ገንዘብ በየዓመቱ መጨረሻ በ7 በመቶ ወለድ ባንክ ቢቀመጥ ኖሮ በ10ኛው ዓመት ወደ 252,000 ብር ያህል ይደርስ ነበር። የኑሮ ውድነት የቁጠባን አቅም እንደሚበላ እሙን ነው፤ ነገር ግን ያው ውድነት የሲጋራውንም ዋጋ ስለሚያንረው፣ አጫሹ ከዚህ መከራከሪያ የሚያገኘው ጥቅም የለም። ገንዘቡን በእቁብ ቢያስበውም ውጤቱ ግልጽ ነው። በሳምንት 350 ብር የሚጥሉ አሥር ሰዎች ለባለ ዕጣው 3,500 ብር ያስረክባሉ፤ በዓመት ውስጥም እያንዳንዱ አባል አምስት ጊዜ ያህል ይደርሰዋል። አጫሹም በየሳምንቱ እቁብ ይጥላል፤ ዕጣው ግን አንድም ቀን አይወጣለትም።

ከዚህ ላይ ክብሪቱ፣ ላይተሩ፣ ለአፍ ጠረን መሸፈኛ የሚገዛው ማስቲካ፣ በፍም የተበሳው ጋቢና ሹራብ፣ ከሲጋራው ጋር ካልሆነ የማይጠጣው ተጨማሪ ቡና ይደመራሉ። እነዚህ በምሕንድስና ቋንቋ የሥራ ማስኬጃ ወጪዎች ናቸው። ጊዜም ዋጋ አለው። አንድ ሲጋራ ለመውጣት፣ ለማጨስና ለመመለስ 6 ደቂቃ ቢወስድ፣ በቀን 10 ሲጋራ አንድ ሰዓት ሙሉ ይበላል። ከዚህ ግማሹ በሥራ ሰዓት ላይ ቢውል፣ በ26 የሥራ ቀን 13 ሰዓት፣ ማለትም ከአንድ ተኩል የሥራ ቀን በላይ ይሆናል። በዓመት ሲሰላ 156 ሰዓት ነው። ሃያ አጫሾች ያሉበትን የግንባታ ቦታ የሚመራ መሐንዲስ፣ ይህን ቁጥር በሃያ አባዝቶ በሥራ መርሐ ግብሩ ላይ የሚያደርሰውን መዘግየት ራሱ ሊገምት ይችላል።

በገንዘብ የማይቆጠረው የኑሮ ዋጋ ደግሞ በላስታ ከሌላው ስፍራ ይብሳል። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቆረቆረች ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ በመሆኑም በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በዚያው መጠን ያንሳል። በሲጋራ ጢስ ውስጥ የሚገኘው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ከደም ቀለም ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ የበረታ ነው። ስለሆነም ተራራው ያሳነሰውን ኦክስጅን ጢሱ ዳግመኛ ይቀንሰዋል። ከከተማው በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ ወደምትገኘው አሸተን ማርያም የሚወጣ አጫሽ፣ የሚወጣው ባልንጀሮቹ የሚወጡትን ተራራ ብቻ አይደለም፤ በደረቱ ውስጥ ሌላ ተጨማሪ ተራራ አለበት። ለአስጎብኚ፣ ለጭነት ሠራተኛ፣ ለገበሬና ለቀያሽ ትንፋሽ የሥራ መሣሪያ ነው። መሣሪያውን በገዛ ገንዘቡ እየሞረደ የሚያደነዝዝ ሠራተኛ ቢገኝ ሰው ሁሉ ይገረም ነበር፤ አጫሹ የሚያደርገው ግን ይህንኑ ነው።

ሌሎችም አሉ። ከአዲስ አበባ በደሴ፣ በወልድያና በጋሸና አድርጎ ወደ ላሊበላ በሚወስደው ረጅም ጉዞ አጫሹ አገሩን አያይም፤ የሚያየው አውቶቡሱ የሚቆምበትን ቀጣይ ስፍራ ነው። በለቅሶ ቤት፣ በሠርግ ዳስ፣ በገና ሌሊት ምእመናን በተሰበሰቡበት ሁሉ፣ ግማሽ ልቡ መውጫ በር ላይ ነው። ከልጁ ጋር ሲጫወት ልጁ ጠረኑን ሸሽቶ ፊቱን ያዞራል። ከጎረቤት ሽማግሌ ጋር ሲነጋገር እጁን ከአፉ ላይ ያደርጋል። ይህ ሁሉ ጥቃቅን ነገር ነው ሊባል ይችላል፤ ነገር ግን የሰው ኑሮ የሚሠራው ከእነዚሁ ጥቃቅን ነገሮች ነው። ነፃነት የሚባለውም አንዱ ነገር፣ ሰው በተቀመጠበት ረግቶ መቀመጥ መቻሉ ነው።

ይህ ማኅበር የግንባታ ሰዎች ማኅበር ስለሆነ ስለ አቧራም መናገር ያስፈልጋል። ድንጋይ የሚጠርብ፣ አለት የሚበሳና ሲሚንቶ የሚያቦካ ሠራተኛ ሳንባው በአቧራ ይጠቃል። ጢስ ሲጨመርበት ጉዳቱ በመደመር ብቻ እንደማይወሰን እ.ኤ.አ. በ1979 ሐመንድና ሴሊኮፍ በአሜሪካ የአስቤስቶስ ሠራተኞች ላይ ያወጡት ጥናት አሳይቷል። በአስቤስቶስ ሥራ ላይ ያልነበረና የማያጨስ ሰው በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድሉ 1 ቢባል፣ የማያጨሰው የአስቤስቶስ ሠራተኛ ዕድል 5 ያህል፣ አስቤስቶስ ያልነካው አጫሽ ዕድል 11 ያህል ሲሆን፣ ሁለቱን ያጣመረው ሠራተኛ ግን ከ50 በላይ ሆኖ ተገኝቷል። የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ቧንቧ በውኃ ሥራ ላይ ውሎ የኖረ ዕቃ ነውና፣ አሮጌ መስመር የሚቆፍሩና የሚቆርጡ ባልደረቦች ይህን ቁጥር ሊረሱት አይገባም።

በዚህ ላይ አንድ ክርክር ይነሣል። «ትምባሆ ለመንግሥት ግብር ያስገባል፣ ለሠራተኛም እንጀራ ነው» ይባላል። ግብር መክፈሉ እውነት ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በሲጋራ ላይ 30 በመቶና በእያንዳንዱ ባለ 20 ፍሬ ፓኬት 8 ብር ጥሏል። ሆኖም ገንዘቡ በመጨረሻ የት እንደሚደርስ ማየት ተገቢ ነው። በመንግሥት እጅ የነበረው የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 40 በመቶ ድርሻው በ510 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2017 ደግሞ ተጨማሪ 31 በመቶ ያህሉ በ434 ሚሊዮን ዶላር ለጃፓን ቶባኮ ኩባንያ ተሸጧል። ሒሳብ አዋቂ ኩባንያ ይህን ያህል ገንዘብ የሚያፈሰው የፋብሪካውን ግድግዳ ወድዶ አይደለም። የገዛው ነገ የሚያጨሰውን ኢትዮጵያዊ ነው፤ ይልቁንም ገና ያልጀመረውን ወጣት። አጫሹ ሱሱን የግል ጉዳዩ አድርጎ ሲቆጥረው፣ በሌላ ሰው የሒሳብ መዝገብ ላይ ግን አስቀድሞ እንደ ገቢ ተመዝግቧል።

አገሪቱም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 822/2006 አጽድቃለች። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ በሥራ ቦታና በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን፣ የትምባሆ ማስታወቂያን፣ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥንም ከልክላለች። ዋጋ ሲጨምር ማጨስ እንደሚቀንስ በብዙ አገሮች ተረጋግጧል፤ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች ዋጋው 10 በመቶ ሲያድግ ፍጆታው 5 በመቶ ያህል እንደሚወርድ ይገመታል። ከዚህ የምንረዳው ገንዘብ የአጫሹን ልብ ሊያንኳኳ የሚችል መሆኑን ነው።

ይህንኑ በሌላ መንገድ የፈተኑ ሰዎች አሉ። በፊሊፒንስ ሚንዳናው ደሴት አንድ ባንክ ለአጫሾች ልዩ የቁጠባ ደብተር ከፈተላቸው። አጫሹ ለስድስት ወር የራሱን ገንዘብ ያስቀምጣል፤ በመጨረሻ ሽንቱ ተመርምሮ ከኒኮቲን ነፃ ከሆነ ገንዘቡ ይመለስለታል፤ ካልሆነ ለበጎ አድራጎት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው የዚህ ሙከራ ውጤት እንደሚያሳየው፣ ደብተሩ የቀረበላቸው ሰዎች ካልቀረበላቸው ይልቅ ማጨስ የማቆም ዕድላቸው በ3 ነጥብ ያህል በመቶኛ ከፍ ብሏል፤ ልዩነቱም ከዓመት በኋላ ጸንቶ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ሌላ ጥናት፣ ለማቆም ገንዘብ የተሰጣቸው የአንድ ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ ሠራተኞች 14.7 በመቶ ሲያቆሙ፣ ካልተሰጣቸው መካከል ያቆሙት 5 በመቶ ብቻ ናቸው። ቁጥሮቹ በእውነተኛነት መነበብ አለባቸው። ገንዘብ ተሰጥቷቸውም ያላቆሙት ብዙዎች ናቸው። ሒሳብ በር ይከፍታል እንጂ ሰውን ተሸክሞ አያሻግርም።

ስለሆነም ለማቆም ለሚያስብ ባልደረባ የሚከተለው ቅደም ተከተል ሊጠቅም ይችላል።

አንደኛ፣ ከማቆሙ በፊት ሦስት ሳምንት ያህል እያንዳንዱን ፍሬ በትንሽ ደብተር ይመዝግብ፤ ሰዓቱን፣ ዋጋውንና ምክንያቱን። ያልተለካ ነገር አይጠገንምና።

ሁለተኛ፣ የሚያቆምበትን ቀን ቆርጦ ለባለቤቱ ወይም ለሚያከብረው ሰው ይናገር። የተደበቀ ወጪ በድብቅ አይዘጋም።

ሦስተኛ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሲጋራው ገንዘብ በዕለቱ ተለይቶ ይቀመጥ፤ በሣጥን፣ በባንክ ወይም በባለቤቱ እጅ። በኪስ የቀረ ገንዘብ መንገዱን ያውቃል። ገንዘቡ አስቀድሞ ስም ቢወጣለት፣ «ይህ የበግ ነው፣ ይህ የቆርቆሮ ነው» ቢባል ይበልጥ ይጸናል።

አራተኛ፣ አምሮቱ ሲነሣ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ መሆኑን ይወቅ። ውኃ መጠጣት፣ ቆሎ መቆርጠም፣ ተነሥቶ መራመድ ያሻግራል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት እጅግ የከበዱ ናቸው፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ግን ይረግባል። ለበረታበት ሰው የሐኪም እርዳታ አለ፤ የኒኮቲን ምትክ መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል።

አምስተኛ፣ «አንዲት ብቻ» የምትባለውን ይጠንቀቅ፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ ነው። ቢወድቅም ደብተሩን አይቅደደው። የተረፈው ገንዘብ ተርፏል፤ ሒሳቡም ካለበት ይቀጥላል።

ስድስተኛው የግለሰብ ሳይሆን የባልደረቦች ሥራ ነው። በፊሊፒንስ ባንክ የከፈተው ደብተር በአገራችን ቋንቋ እቁብ ነው። አምስትና ስድስት አጫሽ ባልደረቦች የሲጋራቸውን ዋጋ በየሳምንቱ እየጣሉ፣ ዕጣውን ሳያጨስ ለቆየ ብቻ ቢያወጡ፣ የጎደለውንም ለታመመ የሥራ ጓደኛ ቢያውሉት፣ ያለ ባንክና ያለ ምርመራ ያው ሥራ ይሠራል። በእቁብ የሚዋሽ ሰው በሰፈር የሚጠብቀው ፍርድ ከማንኛውም ምርመራ ይበረታልና።

ሰባተኛ፣ የግንባታ ቦታ ኀላፊ የሆነ ሁሉ በካምፑ ምግብ ቤት ሲጋራ በዱቤ እንዳይሸጥ ያድርግ። በደመወዝ ቀን ለሲጋራ ዱቤ የሚቆረጥ ገንዘብ፣ ከላስታ ተራራ ወርዶ ለቀን ሥራ ከመጣ ገበሬ ልጅ የተወሰደ ነው። መንገድ ስንሠራ ለአገሩ ጤፍና መድኃኒት እንዲገባበት ነው፤ ለሱስ መግቢያ አስቀድመን በር መክፈታችን የሙያው ዓላማ አይደለም።

በመጨረሻ የሚነሣው መከራከሪያ ከሁሉ ይልቅ ሊከበር የሚገባው ነው። እንግዳ ያጣ አስጎብኚ፣ ደመወዙ የዘገየበት ሠራተኛ፣ «በዚህ ጭንቀት ውስጥ የቀረችኝ ይህች ብቻ ናት» ሊል ይችላል። ለዚህ ሰው መልሱ ተግሣጽ አይደለም። ግን እውነቱ ሊነገረው ይገባል፤ ሲጋራው የሚያበርድለት ጭንቀት በአብዛኛው ያለፈው ሲጋራ የተወለት የኒኮቲን ጥማት ነው። ራሱ የበሳውን ቀዳዳ ለግማሽ ሰዓት እየደፈነ ዋጋ የሚያስከፍል ጠጋኝ ነው። ቀዳዳው ሲዘጋ ጭንቀቱም ከፊሉ አብሮ ይሄዳል፤ ገንዘቡም በቤት ይቀራል።

ጊዜው አላለፈም። ሪቻርድ ዶልና ባልደረቦቹ የእንግሊዝ ሐኪሞችን ለ50 ዓመት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት፣ ዕድሜ ልኩን የሚያጨስ ሰው በአማካይ 10 ዓመት ያህል ዕድሜ ያጣል። በ60 ዓመቱ ያቆመ ከጠፋው 3 ዓመት፣ በ50 ያቆመ 6 ዓመት፣ በ40 ያቆመ 9 ዓመት፣ በ30 ያቆመ 10ሩንም ዓመት ያህል መልሶ ያገኛል። ከዚህ ማኅበር አባላት ብዙዎቹ በ30 እና በ40 መካከል የሚገኙ ናቸው። በዓመታት የሚከፍል እንዲህ ያለ የጥገና ሥራ በማንኛውም የምሕንድስና መዝገብ ውስጥ አይገኝም፤ ለመጀመርም የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ነው።